የነካሪው ጥፍሮች

የሐኪሙ ጀልባ ከወደቡ ስትነሣ ሸማኔው ገና ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልብስ ሰፊው በመርከቧ የታችኛው ክፍል፣ ከተጠቀለለ ገመድ ላይ ተንበርክኮ፣ ሦስት ካፖርት አንድ ላይ ይሰፋል። ካፖርቶቹ ከነባለቤቶቻቸው ናቸው። መኻል ላይ ሸማኔው፣ በግራው ቀለም ነካሪው፣ በቀኙ ሰፊው ራሱ፤ እጅጌ ከእጅጌ፣ ከብብት እስከ ክርን፣ ጠበቅ ባለ ድርብ ስፌት፤ ከክርን በታች የካፖርቱ እጅጌ ተጠቅልሎ ሸሚዝ ይታያል። የነካሪውን በኩል ጨርሶ አሁን ወደ ራሱ በኩል ዞሯል። የገዛ እጅጌን ለብሰው ሲሰፉት እንዴት እንደሚያስቸግር የሞከረ ያውቀዋል። ላይ ሲወጡ ሰው የሚያየው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የቆሙ ሦስት ወዳጆችን ብቻ ነው፤ የመኻለኛው ጉልበት ቢከዳው ግን ሁለቱ ዳርና ዳር ይዘው ያቆሙታል።

«ቶሎ በል እንጂ፤ የሠርግ ልብስ አደረግከው እኮ» አለ ነካሪው።

«ተወኝ ጋሼ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው» አለ ሰፊው፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ።

ሸማኔው የሰፊው እህት ባል ነው። ከቤት የወጡ ዕለት እህቱ እርጉዝ ሆዷን በእጇ ደግፋ በር ላይ ቆማ የነገረችው ነገር እስካሁን ከጆሮው አልወጣም። «መመለስህን አይደለም የምጠይቅህ» ነበር ያለችው። «ይዘኸው መመለስህን ነው።» እሱም እሺ ብሎ ማለላት። ሰው ቆላና ባሕር ምን እንደሚያደርጉ ሳያውቅ መማል ይወዳል።

ሸማኔውን የያዘው ንዳድ ነው። ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ቆላ ላይ ነው የነደፈው፤ አንድ ቀን ያንቀጠቅጠዋል፣ በማግስቱ ምንም እንዳልነካው ሰው ተነሥቶ ሲቀልድ ይውላል። ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሦስቱም ያውቃሉ፤ በእነሱ ሰፈር ንዳድ ያልያዘው ሽማግሌ የለም። ሐኪሙ ግን ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው አይደለም። በዚያ ዘመን በባሕሩ ጠረፍ ካሉ ከተሞች በአንዱ ወረርሽኝ ገባ ተብሎ ወደቦቹ ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። ትኩሳት ያለበት መንገደኛ ከወደቡ ፊት ለፊት ወዳለችው ራሰ በራ ደሴት ይወሰዳል። እዚያ የሕሙማን ቤት አለ። ታሞ ያልሄደው እዚያ ይታመማል፣ ታሞ የሄደው እዚያ ይቀራል።

ይባስ ብሎ የመርከቡ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሌሊት ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰምቶ ኖሮ ለመርከቡ አለቃ ነግሮታል። አለቃውም ጠዋት ተሳፋሪውን ሰብስቦ ቁርጡን ተናገረ። «ከመካከላችሁ አንድ በሽተኛ አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሐኪሙ ያወጣዋል። ካልተገኘ መርከቧ ከነሰዉ ትታገዳለች።» ስለዚህ ሐኪሙ የሚመጣው ሰዉን ሊያይ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ሊፈልግ ነው የሚመጣው።

ሦስቱን ከቤታቸው ያስወጣቸው አንድ የተረገመ ሰንደቅ ነው። ለገዢው ሰልፍ የተሠራ ቀይ ሰንደቅ ነበር፤ ሸማኔው ሸመነው፣ ነካሪው ነከረው፣ ሰፊው ሰፋው። በሰልፉ ቀን ዝናብ ጣለ። ቀዩ ለቀቀና በገዢው ነጭ ካባ ላይ ከትከሻ እስከ ወገብ ወረደ፤ ሕዝቡም ሳቁን በመዳፉ አፈነ። ገዢው ነካሪውን አስጠርቶ «ቀይም ይሁን ሌላ፣ የማይለቅ ቀለም ይዘህ ና» አለው። «እስከዚያ እጅህ የቀለም ጋን ውስጥ ከታየ ትቆረጣለች።» ነካሪው ብቻውን ሊሄድ ስንቁን ሲቋጥር ሸማኔው መጣና «ጨርቁ የእኔ ነው» ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ሰፊውም ስፌቱ የእሱ መሆኑን አስታወሰና መርፌና ክሩን በከረጢት ከቶ ተከተላቸው። በወጣትነቱ ለወታደር ዩኒፎርም እየሰፋ በአንድ ወደብ ዓመታት ስለኖረ የጠረፉን ቋንቋ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ጉዞው ደስ የሚል ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ባሕሩን ያዩ ዕለት ሦስቱም ከገደል አፋፍ ላይ ቆመው ቃል አልተነፈሱም። በኋላ ሸማኔው «ይህን ሁሉ ማን ሸመነው?» አለ። ነካሪው «የሸመነውን ተወው፣ ማን ነከረው?» አለ። ሰፊው ደግሞ ጠርዙ እንዳልተቀመቀመ ነገራቸውና ሦስት ጎልማሶች እንደ ልጅ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ወዲያ ከወደብ ወደ ወደብ፣ ከገበያ ወደ ገበያ ቀለም እየፈለጉ ሄዱ።

ነካሪ ነጋዴን አያምንም፤ ጥፍሩን ነው የሚያምነው። ጥፍሩን በምራቁ ያርስና ዱቄቱ ውስጥ ይነክራል፣ ከዚያ ምላሱን ያስነካል። መራራው ጨርቅ ይነክሳል፣ ጣፋጩ ያታልላል ይላል። በየወደቡ አንድ ጥፍር ስለሚሰጥ የጉዟቸውን ታሪክ ማወቅ ለፈለገ ሰው የእሱን እጅ ማየት ይበቃው ነበር። አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው፤ ደረጃዋ ከባሕሩ ውስጥ የሚጀምረው የድንጋይ ከተማ። ሌባ ጣቱ አረንጓዴ፤ አሸዋ በር የሚዘጋባት ከተማ። የቀለበት ጣቱ ቀይ ነው። በዚህ ቀይ ነካሪው ልቡን ጥሎ ነበር። ብዙ ቀን ታጥቦ ከጥፍሩ አልወረደለትም፤ «አገኘነው፣ ወደ ቤታችን እንመለስ» እያለ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሳቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሸማኔው ፊት አመድ ሲመስልበት ከዚያ ቀይ ጥቂት በዘይት ለውሶ ጉንጮቹን ቀባለት። ቅቡ ከልክ አላለፈም። ሸማኔው ገበሬ ጎረምሳ መሰለ።

«ላብ ቢመጣስ?» አለ ሰፊው።

«አይለቅም አልኩህ። በዚህ ቀለም ገዢ ፊት ልቆም ነው፤ ሐኪም ፊት ያሳፍረኛል?»

ይህን ሲል ሰፊው የነካሪውን አፍ አየና መርፌው ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ምላስህ ምን ሆነ?»

ምላሱ ቢጫ ሆኗል። ከንፈሩ ጠርዝ፣ መዳፉ ከነጣቶቹ፣ ላቡን የጠረገበት የዓይኑ ቆብ ሁሉ ቢጫ ነው። ሰው ሲጨንቀው ጥፍሩን ይበላል፤ ይህ ሰው ሲጨንቀው ቀለም ይበላል። ትናንት ካለፏት ወደብ ከዓሣ ገበያው ጀርባ እጆቿን በጨርቅ ጠቅልላ ከምትሸጥ አሮጊት አንድ ከረጢት ሥር ገዝቶ ነበር። ጥፍሩን ሊያርስ ሲል ሴትዮዋ እጁን ይዛ «ጓደኛህን ንገረው፤ በኋላ ይጸጸታል» አለችና ለሰፊው ሳቀች። ነካሪው ሲተረጎምለት «ሻጭ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» ብሎ ዋጋ ወደ መከራከሩ አለፈ። ያንኑ ሥር ነው ዛሬ ሳያስበው ሲያኝክ የቆየው።

«ውሃ ይወስደዋል» አለና በካፖርቱ ጠርዝ ምላሱን ይፈትግ ጀመር። ከላይ ደወሉ ተደወለ።

የመርከቧ ወለል በጸሐይ ግሏል። ከምሰሶው ላይ ቢጫ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ያልተመረመረ መርከብ ምልክት ነው። ተሳፋሪው በአንድ መስመር ተሰልፎ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ቀርቧል፤ በጠረጴዛው ላይ በኮምጣጤ የተሞላ የመዳብ ሳፋ፣ ከአጠገቡ የሰው ወረቀት የሚነሣበት ረጅም ጉጠት። በአንድ ጥግ ድኝ ይጨሳል። ሐኪሙ ነጭ ጓንት አጥልቋል። ማንንም አይነካም፤ የሰውን አገጭ በከዘራው ጫፍ ቀና አድርጎ ዓይኑን ያያል፣ ምላስ ያስወጣል፣ መዳፍ ያስዘረጋል፣ ከዚያ «ይለፍ» ይላል። አንድ የቅመም ነጋዴ አለፈ። አንዲት የልጅ እናት ልጇን አቅፋ አለፈች። የመርከቡ አለቃ ከኋላ ቆሞ እያንዳንዱን ፊት ይመረምራል።

ሦስቱ ወዳጆች ከመጨረሻው አጠገብ ቆመዋል። ሰፊው የሸማኔው ክብደት በክሩ በኩል ወደ እሱ ሲመጣ ይሰማዋል። ስፌቱ ይዟል። የራሱን ሥራ እንዲህ ያመሰገነበት ቀን የለም።

«በርታ» አለው በሹክሹክታ። «ሰባት ሰው ነው የቀረን።»

«እህትህን…» አለ ሸማኔው፤ ጥርሱ ተንገጫገጨና ቀሪውን ዋጠው።

ብርዱ ተወውና ሙቀቱ መጣ። ንዳድ ሲለቅ በላብ ነው፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ፣ የረሱት ይህን ነው። በሸማኔው ግንባር ላይ የላብ ፍሬዎች ብቅ አሉ፣ ተጋጠሙ፣ ወደ ጉንጩ ወረዱ። ሰፊው በዓይኑ ጥግ አየ። ላቡ በጉንጩ በኩል ነጭ ሆኖ ገባ፣ በአገጩ በኩል ቀይ ሆኖ ወጣ።

ነካሪውም አይቷል። ከሸማኔው ጀርባ እጁን አሾልኮ የሰፊውን የሸሚዝ እጅጌ ጨበጠ፤ መዳፉ በላብ ርሷል።

«ቀዩ ለቀቀ» አለ። ድምፁ ውስጥ ያለው ሐዘን የቀለሙ ይሁን የጓደኛው ሰፊው መለየት አልቻለም። ሁለቱም ይሆናል።

ሰፊው በዚያው የሸሚዝ እጅጌው የሸማኔውን አገጭ ጠረገ። ሌላ ቀይ መስመር ወረደ። ደግሞ ጠረገ። ሐኪሙ ከፊታቸው ካለው ሰው ጋር ነው፤ ከዘራው ያንን ሰው ለቅቆ ወደ እነሱ ሊዞር ነው። ያ የመርከቡ አለቃ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ሰፊው ያን ጊዜ የእህቱን በር በሐሳቡ አየ። እሷ እዚያ ቆማ፣ እሱ ብቻውን ሲመጣ።

ክር ሲበጠስ ድምፅ አለው፤ ሌላ ሰው ላይሰማው ይችላል፣ ሰፊ ግን ይሰማዋል። ነካሪው ከመስመሩ ወጥቶ ፊት ቆሟል። ግራ እጅጌው ደህና ነው፣ ቀኙ ከብብት እስከ ክርን ተተርትሯል። የሸማኔው ክብደት ሙሉውን ወደ ሰፊው መጣ፤ እግሩን አንፈራጦ ተቋቋመው።

ነካሪው አሳለና ማንም ሳይጠይቀው ምላሱን አወጣ።

ሐኪሙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። በኮምጣጤ የራሰ መሐረቡን ወደ አፍንጫው ወሰደ። «ይህን ሰው የሚያውቀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ሐኪም» አለ ሰፊው። «ቋንቋ አያውቅም። እኔ አስተረጉምለታለሁ።»

«ምላሱ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

ሰፊው ወደ ነካሪው ዞረ። «ቀለም ነው ልበለው» አለ በራሳቸው ቋንቋ። «ጋሼ፣ ቀለም ነው ልበለውና ይለቁሃል።»

«ብትለው ወደ ቀጣዩ ሰው ይሄዳል። ቀጣዩ ሰው ማን ነው?» የነካሪው ፊት አልተለወጠም፤ የገበያ ዋጋ የሚነጋገር ይመስላል። «ከትናንት ጀምሮ ነው በለው።»

«ጋሼ…»

«ስማኝ። እሱ እኔን ተከትሎ ነው እዚህ የደረሰው። እኔ ማንንም ተከትዬ አልመጣሁም። ነገ ታጥቤ አሳያቸዋለሁ፤ የውሃና የሳሙና ነገር ነው። በለው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ይህ ቃል ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። ሰፊው የሸማኔው ራስ ትከሻው ላይ ሊወድቅ ሲል ተሰማው።

«ከትናንት ጀምሮ ነው፣ ክቡር ሐኪም።»

«እጁን ይዘርጋ።»

ነካሪው እጆቹን ዘረጋ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ ጥፍር፣ ቢጫ መዳፍ። ሐኪሙ በዕድሜው ብዙ እጅ አይቶ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየም። ከዘራውን ወደ ጥፍሮቹ ጠቆመ። «ሥራው ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ነበር ሰፊው የፈራው። ተረጎመለት።

«ነጋዴ በለው» አለ ነካሪው። «ነጋዴ የፈለገው ቀለም ቢያወጣ ማንንም አይገርመውም።»

«ነጋዴ ነው» አለ ሰፊው።

የመርከቡ አለቃ እፎይ ሲል ተሰማ። የተፈለገው ሰው ተገኝቷል፤ ከዚህ በኋላ መርከቧ አትታገድም። ሐኪሙም መሐረቡን ከአፍንጫው ሳይለይ የቀረውን ሰው ከሩቁ በዓይኑ ብቻ አለፈ። ሸማኔው ላይ ሲደርስ ከዘራውን እንኳ አላነሣም። «ይህኛው ጉንጩ ደም አለው። ይለፍ» አለ።

ሰፊው ግን አንድ ነገር ጠየቀ። «ክቡር ሐኪም፣ ሰውየው መቼ ይለቀቃል?»

«ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ደሴቲቱ ሄጄ አያቸዋለሁ። ምልክቱ የጠፋለት ይመለሳል። ያልጠፋለት የሕሙማኑ ቤት ይገባል።»

ነካሪውን በሁለት መቅዘፊያ ርቀት እያስቀደሙት ወደ ትንሿ ጀልባ አወረዱት። ከጀልባዋ ሆኖ ቀና አለና በተተረተረው እጅጌው በኩል እጁን አውለበለበ። «ቀዩን እንዳትገዙ» ብሎ ጮኸ። «ይለቃል።»

ሁለቱ ከመርከቧ ወርደው ከወደቡ በላይ፣ ከገመድ ሠሪ ሱቅ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ። አከራይዋ መበለት ነች፤ ሸማኔውን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ሁለተኛ ብርድ ልብስ አመጣች። ሸማኔው አልጋው ላይ እንደወደቀ በላብ ታጥቦ እንቅልፍ ወሰደው። ነካሪው የት እንዳለ አልጠየቀም፤ ምን እንደሆነም የሚያውቅ አልመሰለም። የነካሪው ከረጢት ግን ከእነሱ ዕቃ ጋር መጥቷል፤ ሰፊው ወንበር ላይ አስቀመጠውና ፊቱን አዞረበት።

አመሻሹ ላይ ከአከራይዋ ሳፋና ሳሙና ለመነና ሸሚዙን ሊያጥብ ተቀመጠ። እጅጌው ላይ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው የሸማኔውን አገጭ የጠረገበት ቀይ፣ ሁለተኛው የነካሪው መዳፍ ከነአምስት ጣቱ ጨብጦት የቀረ ቢጫ።

ቀዩ ውሃ እንደነካው ሄደ። ሳሙናም አላስፈለገው። ሰፊው ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ፤ ጋሼ ነገ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚሆን አሰበ። ከዚያ ቢጫውን ያዘ። አሸ። ሳሙና ጨመረና አሸ። ሳፋው ነጭ አረፋ ሆነ፣ የመዳፉ አሻራ ግን እዚያው ነው። አከራይዋን አመድ ጠይቆ በአመድ ውሃ ዘፈዘፈው፤ ቢጫው ደመቀ። ከአከራይዋ ወጥ ቤት ኮምጣጤ አምጥቶ ጨመረ፤ ይበልጥ ደመቀ። ጨርቁ ሊቀደድ እስኪል ድረስ ፈተገው፤ የእጁ ቆዳ ቀላ፣ የነካሪው አምስት ጣቶች ግን ከእጅጌው ላይ አንድ ፈትል አልተንቀሳቀሱም።

አሮጊቷ እጆቿን በጨርቅ የጠቀለለችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። የሳቀችውም።

በየወደቡ፣ በየገበያው፣ በጸሐይና በማዕበል የፈለጉት ቀለም ይኸውና። ሰፊው ሸሚዙን በሁለት እጁ ይዞ መጀመሪያ ሳቀ፣ ሳቁ ግን መኻል ላይ ተገለበጠበት። ያ ሰው አሁን ደሴቷ ላይ ቁጭ ብሎ መዳፉን በድንጋይ እየፈተገ ይሆናል። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ከነምላሱ፣ ከነመዳፉ ይታያል። ነካሪ ለአንድ ጊዜ የተመኘው ሁሉ ሲሰጠው እንዲህ ሆኖ ነው።

ሸማኔው በጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ጠርቷል። ንዳዱ የሚያርፍበት ቀን ነው። «ራበኝ» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ «ጋሼ የት አለ?» አለ።

ሰፊው ነገረው። አንድም ነገር አላስቀረም፤ ነካሪው ያለውን፣ እሱ የተረጎመውን፣ ሐኪሙ የመለሰውን ሁሉ። ሲጨርስ ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘረጋለት።

ሸማኔው ቢጫውን መዳፍ በጣቱ ዳሰሰ። «በእኔ ፋንታ ሰው ሰጠህ» አለ።

«ራሱ ነው የወጣው።»

«እሱ ወጣ። አንተ ደግሞ ተረጎምክ።»

«ለእህቴ ምን ልላት ነበር?»

«እህትህ ይዘኸው ና ነው ያለችህ፤ ሌላ ሰው ሰጥተህ ና አላለችም። አሁን እኔ ምን ልበላት? እንደምንስ ብዬ ነው አጠገቧ የምቀመጠው?» ድምፁ አልጮኸም፤ ቢጮህ ለሰፊው ይቀለው ነበር። ሸማኔው ከአልጋው ወርዶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። «ሐኪሙ የት ነው ያለው?»

«ከወደቡ ጤና ቤት። እኔ ብቻዬን ልሂድ። ዋሽቼዋለሁና በሽተኛው ማን እንደነበር ቢጠይቀኝ…»

«እኔ ነኝ እለዋለሁ። ዛሬ ትኩሳት የለኝም፤ ይንካኝ።»

«ካላመነን ሦስታችንንም ደሴቷ ላይ ይጥለናል።»

«ሦስት ሆነን አይደል የወጣነው?» አለ ሸማኔው፣ የግራ ጫማውን እያሰረ።

ሰፊው ወደ ወንበሩ ሄደና የነካሪውን ከረጢት ፈታ። ሥሩ ደረቅና ጠማማ ነው፣ ጣት ያህላል። ሁለት ሰበረ። አንዱን ለሸማኔው ዘረጋለት። ሸማኔው ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ወደ አፉ ጣለው።

«መራራ ነው» አለ ፊቱን አጨማዶ።

«መራራው ይነክሳል።»

ቁልቁለቱን እያኘኩ ወረዱ። የጀልባ ማሰሪያ ከሚጠግኑ ሰዎች መኻል አለፉ፣ መረብ የምታሰጣ ሴት አፋቸውን አይታ መንገድ ለቀቀችላቸው። ከጤና ቤቱ ፊት ለፊት የደሴቲቱ ጀልባ ለመነሣት ተዘጋጅታለች፤ ቀዛፊው ገመዱን ፈቶ በእጁ ይዞታል።

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ኋላ ካፖርቱን ሊለብስ ቆሞ አገኙት። ሰፊው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣ ንግግሩን በመንገድ ሁሉ አሰናድቶት ሳለ፣ አንድ ቃል ጠፋበት። ስለዚህ ምላሱን አወጣ። ሸማኔውም ከአጠገቡ አወጣ።

ሐኪሙ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሁለታችሁም?» አለና ወደ ውጭ ሊጣራ አፉን ከፈተ።

«ክቡር ሐኪም፣ ትናንት ዋሽቻለሁ» አለ ሰፊው፤ ቃሉ መጣለት። «ያ ሰው ነጋዴ አይደለም፤ ቀለም ነካሪ ነው። በምላሱ ያዩት ይህ ነው።» የተረፈውን ሥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎኑ ሸሚዙን ዘረጋ። «ንዳድ የነበረበት ይህ የእህቴ ባል ነው። ጉንጩን ቀብተንለት ነው። ያ ሰው ይህን ሊሰውር ወጣ። ካላመኑን ጀልባዋ ውስጥ ቦታ አለ፤ እንሄዳለን። ግን አስቀድመው ይህን ይንኩት።»

«ግንባሬንም ይንኩት በለው» አለ ሸማኔው። ሰፊው ተረጎመ።

ሐኪሙ ሥሩን አየ፣ ሸሚዙን አየ፣ ሁለቱን ቢጫ ምላሶች ደግሞ ደጋግሞ አየ። ቁጣው በፊቱ ላይ መጣ፣ ቆየ፣ አልፈነዳም። ከዚያ ሰፊው ፈጽሞ ያልጠበቀውን ነገር አደረገ። የቀኝ ጓንቱን አወለቀ። መጀመሪያ የሸማኔውን ግንባር ነካ፤ ቀዝቃዛ ነው። ቀጥሎ ጥፍሩን በምራቁ አርሶ ሥሩ ላይ አሸት አደረገው፣ ልክ ነካሪው በየገበያው እንደሚያደርገው። ጥፍሩ ቢጫ ሆነ። ኮምጣጤው ውስጥ ነከረው፣ በመሐረቡ ፈተገው፣ ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው።

«እኔን አትጠብቀኝ» ብሎ በመስኮቱ ለቀዛፊው ተጣራ። «ብቻህን ሂድና ትናንት የመጣውን፣ ጥፍሩ የተዥጎረጎረውን ሰው ይዘኸው ና።»

ሸማኔው የሰፊውን ክንድ ይዞ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቆመ።

ሐኪሙ እንደገና ጥፍሩን በመሐረቡ ፈተገ፣ ደግሞ አየው። «ይህ ነገር መቼ ነው የሚለቀው?» አለ።

«አይለቅም፣ ክቡር ሐኪም» አለ ሰፊው። «ፍለጋ የመጣነው እሱኑ ነው።»